የሸተተው ድንጋይ

ወንድሜ ቱምቢ፣

ማን ጻፈለት ብለህ እንዳትጠረጥር፤ የገዛ እጄ ነው። የማታ ትምህርቱን አንደኛ ወጥቼ የጨረስኩ እኔ ነኝ፤ ሁለተኛዋ አክስቴ ናት።

ዛሬ እዚህ ባሕሩ ላይ ወለሉ መስታወት የሆነ ጀልባ ላይ ወጣሁልህ። ከእግሬ ሥር ኮራል የሚሉት ድንጋይ ቀንድ አውጥቷል፣ አብቧል። በየስንጥቁ ዓሣው ይርመሰመሳል፤ ቢጫ አለ፣ ባለመስመር አለ፣ አንዱማ ያኮረፈ ፎርማናችንን ቁርጥ! የሰፈራችን ገበያ እንኳ እንዲህ አይጋፋም።

ጀልባ ነጂው መልሕቅ አልጥልም ብሎ ጀልባዋን ከሚንሳፈፍ ኳስ ጋር አሰራት። «ምነው?» ስለው፣ «ድንጋዩ ነፍስ አለው፤ መልሕቅ ይገድለዋል» አለኝ። ይሄ ሰውዬ ሊሸውደኝ ነው አልኩ በልቤ። እኔና አንተ ይህን ሁሉ ዘመን ድንጋይ ስንጠርብ «ኧረ ቀስ!» ያለን አለ?

ከጀልባ ወርጄ ለቡፌህ ያዘዝከኝን ነጭ የባሕር ድንጋይ ልገዛ ሄድኩ። ሻጯ «ራሱ ተሰብሮ ማዕበል ያወጣው ነው፣ የኔ ጌታ» አለችኝ። አፏ ማር ነው፤ ስብራቱ ላይ ያለው የመዶሻ ምት ግን ለእኔ ይጠፋኛል? ባሸተው በረኪና በረኪና አለኝ። ባሕር በበረኪና ያጥባል እንዴ? ከበረኪናው ሥር ደግሞ የሞተ ዓሣ ሽታ አለ። ቱምቢ፣ ነፍስ ያልነበረው ድንጋይ እንዲህ አይሸትም። ጀልባ ነጂው እውነቱን ነው። መለስኩላት።

ባዶ እጄን ነው የምመጣው፤ እንዳትቀየመኝ። የምጽፍበት ፖስትካርድ ጠበበኝ፤ ባለቤትህንና ልጆቹን ሳምልኝ። ቡፌው ላይ ይህን ካርድ አቁመው፤ አይሸትም፣ ፊደሉንም አንድ በአንድ የጠረብኩት እኔው ነኝ።