የእማዬ ጠጅ ይቆይ ወይስ ይከፈት

ማን ነካብህ ጠጅህን! «ለመስቀል እስክመጣ እንዳትከፍቱት» ብለህ የምትጮኸው ቤቱ ውስጥ ሌባ አለ እንዴ? ይልቅ ሰላም ነህ ወይ ወንድሜ ጋዲሳ፣ የጁባ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ካዛንቺስ አለን፣ በቃ ደህና ነን።

ዘንድሮ ጠጁን የጣልኩት እኔ ነኝ። እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና እያዘዘችኝ ማለቴ ነው። ከባምቢስ እስከ ለገሃር ብትዞር እንደኔ የሚጥል አታገኝም! እማዬ ግን ሌላ ናት ባክህ። ጓዳ ገብቼ በሩን ዘግቼ ጌሾውን ስጨምር ጠረኑ ደርሷት፣ «አንተ ኤልዳድ፣ አበዛኸው!» ብላ ጮኸችብኝ። ስቀምሰው እውነቷን ነው። እንዲህ ያለ አፍንጫ የት ይገኛል?

ታውቃታለህ፣ ጠጅ በደንብ ሳይበስል ማንንም አታስነካም። ጎረቤታችንን እትዬ ሙሉነሽን እንኳን ስንቴ ባዶ ብርሌ አሳቅፋ መልሳታለች። ትናንት ግን፣ «ለጋም ቢሆን እሁድ እንክፈተው» አለችኝ።

«ለመስቀል ይበልጥ ይጣፍጣል፣ ራስሽ አይደለሽ እንዴ ያስተማርሽን?» አልኳት።

ከዛ ደግሞ የመጀመሪያውን ብርሌ፣ ሁሌ ካንተ እጅ ካልሆነ የማትቀበለውን፣ «አንተው ቅዳልኝ» አለችኝ። የኔ እጅ ስለሚበልጥ ነው፣ እንዳትቀና!

እኔም «ገና አልጠራም» እያልኩ እያቆየኋት ነው። እሷ ሁለቱንም ጉንጭህን ስማሃለች፣ እኔም ወንድምህ ኤልዳድ እንደዛው። ጠጁ እንደሆነ ቢቆይ ይጣፍጣል። አንተ ግን መስቀልን አትጠብቅ፤ መቼ እንደምትመጣ ዛሬውኑ ጻፍልኝ!