ገነቴ የተሳሳተችው የቱ ጋ ነው?

ጥር 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ተቆጣጣሪ ጓድ ኃይለመለኮት፣

በፈጣሪ ስም ሰላምታ ባቀርብ ፋይልዎ እንዳይቆሽሽ ሰግቼ፣ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤንነትን በደፈናው እመኛለሁ። እኔ የስድስተኛ ክፍሏ የገነቴ አባት፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ ገበሬ ነኝና አጻጻፌ ቢያስቀይምዎ ይለፉኝ። ደብዳቤውን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌም እርስዎ ሁሉን ነገር በሰው ፊት ስለሚወዱ ነው።

1ኛ/ መምህርት ጣቢታን ወደ ሙዱላ ስላዛወሩልን እናመሰግናለን። ጥፋታቸው ከባድ ነበር። ስለ እንሰት የተጻፈውን በቃል ማስባል ሲችሉ፣ ልጆቹን ይዘው እኔ ጓሮ ድረስ መጡ፤ በመጀመሪያው ቀን ያዩትን አስጻፏቸው፣ በሁለተኛው የጠወለገውን ከጤነኛው አስወዳደሯቸው፣ በሦስተኛው ምክንያቱን አስፈለጓቸው፣ በመጨረሻም ምን ይደረግ ብለው አከራከሯቸው። ልጅን እንዲህ ደረጃ በደረጃ ወደ ማሰብ ማድረስ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከእርስዎ በቀር ማን አስቀድሞ ያይ ነበር?

2ኛ/ ልጄን ከክፍል አስወጥተው ስላሳረፉልኝ አመሰግናለሁ። ገነቴ ሃያ ሦስት ጓሮ ዞራ፣ እንሰቱ የጠወለገው የትምህርት ቤቱ የእንሰት ተከላ ዘመቻ ችግኝ መቁረጫ ቢላዋ በገባበት ጓሮ ብቻ መሆኑን ጻፈች፤ ቢላዋው ሳይጸዳ ከታመመው ወደ ጤነኛው ስለሚያልፍ በእሳት ይለብለብ አለች። ዘመቻውን የመሩት እርስዎ መሆንዎን ግን አላሰበችም፤ ወደዚያ ደረጃ ገና አልደረሰችም ነበር።

3ኛ/ ሰኞ በሰልፍ ፊት ግለ ሂስ እንድታደርግ፣ እኔም ዳግመኛ እንዳትጠይቅ ዋስ ሆኜ እንድፈርም፣ አለዚያ ዓመቱ እንደሚቃጠልባት ላኩብኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ልፈርም ነበር። ልጅቷንም ይቅርታ በይና ይለፍ አልኳት። እሺ አባ፣ ግን የተሳሳትኩት የቱ ጋ ነው፣ እሱን አሳየኝና ልበል አለችኝ። ወረቀቷን አራት ጊዜ አነበብኩት፤ አላገኘሁትም።

ከዚያ ወዲህ ራሴን ስመረምር ሰነበትኩ። እናቷ የሞተች ጊዜ እግዚአብሔር ለምን ወሰዳት ብላ ብትጠይቀኝ፣ እንዲህ አይጠየቅም ብዬ ተቆጣኋት፤ እኔው ግን በሩን ዘግቼ፣ ተንበርክኬ፣ ያንኑ ጥያቄ እጠይቀው ነበር። እርሱ አልተቆጣኝም። እንግዲህ ጓድ፣ በቤቴ ከእርስዎ በፊት ተቆጣጣሪው እኔ ነበርኩና ግለ ሂሱ የእኔ ነው፤ ይኸው አድርጌአለሁ። ዋስትናውን ግን አልፈርምም። ገነቴም ሰኞ ሰልፍ ፊት አትቆምም። ዓመቱ ይቃጠል፤ ያልሠራችውን ስህተት ከምትሸመድድ ይሻላታል።

ጤናዎን ዛሬም ከልቡ የሚመኝልዎ፣
እስከ ትናንት ታዛዥዎ የነበረው፣
ሳህሉ ጠና

ማስታወሻ፦ እንሰቱን ያጠወለገው የኋላቀር ገበሬ ስንፍና ነው የሚለውን፣ ለሰልፉ ያስጠኑትን መልስ፣ ትናንት ልጆቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ ሲሉ ሰማሁ፤ አንድም የተሳሳተ የለም። አልሰማ ብሎ መጠውለጉን የቀጠለው፣ በዚያው ቢላዋ የተተከለው የትምህርት ቤቱ እንሰት ብቻ ነው።