የእትዬ አንጓች ሌላኛው ዓይን

ኅዳር 3፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡40

ውኃ ዛሬም የለም። በትናንቱ ጀሪካን ፊቴን ታጥቤ ስልኬን ከፈትሁ። ከሥዕል ቡድናችን ሰባ ሦስት መልእክት። እነዚህ ሰዎች አይተኙም፣ ደብተሬ። ግማሹ ስለ ቱርኩ ድራማ መጨረሻ ነው። ሴትዮዋ ይቅር ማለት አልነበረባትም ይላሉ። ነበረባት ብዬ ጻፍሁ። ተሰደብሁ። አንዷ ድመቷ የሹራብ ክር እንደ ዋጠች ታወራለች። ጉንዳን የአንበጣ እግር ሥሎ ልኳል።

የጉንዳንን እውነተኛ ስም አላውቅም። አዴት ያለ የሰብል ባለሙያ ነው፤ ከነፍሳት በቀር አይሥልም። ቴሌግራም ላይ አርባ ያህል ነን፤ በአካል አንተዋወቅም። በየሳምንቱ አንድ ርእስ ይወጣል፣ ሁሉም በእርሳስ ይሞክራል። የዚህ ሳምንት፦ «የቤቴ ሰው»።

የቤቴ ሰው ማን ነው? እናቴ ደብረ ብርሃን ናት። እኔ ፍኖተ ሰላም፣ ኪራይ ክፍል፣ ሦስት ዓመት። እዚህ ያሉኝ አከራዬ እትዬ አንጓች ናቸው። (ከዚህ ወዲያ እ.አ. እላቸዋለሁ፤ እጄ ይደክማል።)

የመሬት አስተዳደር ሥራዬ ረፈደ። ዛሬ የሁለት ወንድማማቾች ድንበር አለብኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ማሳ እሥላለሁ፤ ሰው ግን የለበትም።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ሆነልኝ!

እ.አ. ከሰማያዊው በር አጠገብ ተቀምጠው ከሽንዲ የመጣላቸውን ዛላ በርበሬ ይለቅማሉ። ቀዩን ወዲህ፣ የነጣውን ወዲያ። እኔ ከመስኮቴ። ከጎን ነው የሚታዩኝ፦ ግንባር፣ አፍንጫ፣ የተጨመቀ ከንፈር፣ አንድ ዓይን። እርሳሴ አልተነሣም። ላጲስ አልነካሁም። በዚህ ዓመት ከሣልሁት ሁሉ ይህ ይበልጣል፤ ይህን ለመናገር አላፍርም።

ለጠፍሁት። ከሥሩ ልብ በልብ ሆነ። ስለ እርሳስ ጠየቁኝ፤ ተራ የት/ቤት እርሳስ ነው አልሁ፤ አላመኑኝም። ጉንዳን «እጆቹ ግሩም ናቸው» አለ። ስለ ፊቱ ምንም አላለም። ለምን?

አንድ ነገር ላንተ ብቻ፣ ደብተሬ። ፊት ለፊት የሚያየኝ ሰው ሥዬ አላውቅም። ሁሉንም ከጎን። ከጎን ያለ ሰው ወደ ሌላ ቦታ ያያል፤ እኔን አይመረምርም። በቡድኑ «የእኔ ስልት» እያልሁ እጠራዋለሁ።

እ.አ.ን አላስፈቀድሁም። ምን ብዬ?

ኅዳር 7፣ እሑድ

ትርንጎ ከቡሬ መጣች። የእ.አ. ልጅ፣ አንዲት ናት፣ እዚያው ነው ሥራዋ። ገና ከበሩ ሳትገባ እየጮኸች ስልኳን ታሳየኛለች። የሥራ ባልደረባዋ ከቡድናችን አግኝታ ልካላት ኖሯል። እናቷን በሻሻቸው አስተሳሰር ለየቻቸው፣ ከዚያ በበሩ። አቀፈችኝ። አሳትማ፣ በመስተዋት አስገብታ፣ ሳሎን ልትሰቅለው ነው። ኩራቱ ጉንጬን አሞቀው።

ለእናቷ አሳየቻቸው። ስልኩን አቀረቡ። አራቁ። እንደገና አቀረቡ።

«ሌላኛው ዓይኔስ?»

ትርንጎ ሳቀች። ወዲያ በኩል ነዋ፣ እማ! እኔም ሳቅሁ። እ.አ. ስልኩን መልሰው ወደ በርበሬያቸው ዞሩ።

ምናልባት አልወደዱት ይሆናል። ምናልባት ዓይናቸው ደክሟል።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

ሁለት ቀን «እንደምን አደርሽ» የለም። እኔ ስል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ለመሬቱ ይባላል። መስኮቴ ላይ የሚቀመጠው የቆሎ ሳህንም ቀርቷል።

ዛሬ በአጥር በኩል ለጎረቤታቸው እንዲህ አሉ፣ ድምፃቸው ግን ወደ እኔ መስኮት ነበር፦ «ትርንጎ ከገና በኋላ ወደዚህ ሳትዛወር አትቀርም። ክፍል ያስፈልጋት ይሆናል።»

ትርንጎ ከትናንት በስቲያ ቡሬን ለቅቄ የትም አልሄድም ብላኛለች። እንግዲህ ገብቶኛል። «ውጪ» ያለኝ የለም። ስንብት ግን ሰምቻለሁ።

እዚያው ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ለቡድኑ ነገርሁ። ድራማውን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። አዲስ አበባ ያለው አንዱ ሽማግሌዎች ሥዕል አይገባቸውም፣ አትጨነቂ፣ ሌላ ቤት ፈልጊ አለ። የሚስቅ ፊት ጨመረበት። ደስ አላለኝም፤ ግን ለአፍታ አጽናናኝ። ይህን ልደብቅህ አልችልም።

ከዚያ ጉንዳን። አላስተማረኝም፣ አልተቆጣኝም። የራሴን የመስከረም መልእክት መልሶ ላከልኝ። ውጭ አገር ላደገች አባላችን የጻፍሁት ነው፦ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ሰይጣንና አሳዳጅ ከጎን፣ በአንድ ዓይን። ከሥሩ የአድናቆት መዓት። «እግዜር ይስጥሽ፣ የኔታ» ብሎኝ ነበር ያኔ። ዛሬ ያንኑ ደገመልኝ፤ ሌላ ቃል የለም።

ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥሁ።

አውቀው ነበር። ለሩቅ ሰው ለመተረክ አውቀው ነበር። አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ለተቀመጡ ሴት ግን አላወቅሁትም።

ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ ሚካኤል

በባጃጅ ከከተማ ወጣ ብላ ወዳለችው ቤተ ክርስቲያን። እ.አ. ከእኔ ቀድመው ደርሰዋል። በሴቶች በኩል፣ ከኋላቸው ቆምሁ። መጋረጃው ተገልጧል። መልአኩ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ያያል። ከእግሩ ሥር ያለው ከጎን፣ አንድ ዓይን፣ የሾለ አገጭ። የእኔን መስመር ይመስላል።

እ.አ. ይህን ግድግዳ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያዩታል። የሥዕል ት/ቤታቸው ይህ ነው። የእኔን ሥዕል በትክክል አንብበውታል። ያላነበብሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ የጊዮርጊስን ፈረስ አየሁት። ከጎን! አንድ ዓይን! ዳንሁ አልሁ።

ሲመለሱ በእግር ነበር። ደረስሁባቸውና ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ክፋት እንዳላሰብሁ፣ አለማስፈቀዴም ጥፋት እንደ ሆነ። ያ ሁሉ በቂ ነበር። እኔ ግን ጨመርሁ። «ደግሞም እትዬ፣ የጊዮርጊስ ፈረስም እኮ በአንድ ዓይን ነው የተሣለው።»

ቆሙ። «እና እኔ ፈረስ ነኝ?»

መሬት ብትውጠኝ። ግን ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ትንሽ ነገር ተንቀሳቀሰ፣ ምሎ መናገር እችላለሁ። ጥቂት ሄድን። ከዚያ ዝግ ብለው ነገሩኝ። ከመታወቂያቸው በቀር ፎቶ የላቸውም። ትርንጎ የምትሰቅለው የእኔን ሥዕል ነው። ሲሞቱ ለለቅሶው ይዛ የምትወጣውም እሱን ነው።

«ልጄ ስታለቅስ እኔ ወዲያ ዞሬ ልመለከት ነው?»

ስለ ሰይጣን አንድ ቃል አላነሡም። ትርንጎ እንዳትሰማም ለመኑኝ፤ ደስታዋን እንዳላበላሽባት።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡00

ሥዕሉን ከቡድኑ አነሣሁት። ምክንያቱን በሁለት መስመር ጻፍሁ። አዲስ አበቤው ኪነ ጥበብን አሳልፈሽ ሰጠሽ አለ። እጄ አይጠፋም፣ ሌላ እሠራለሁ አልሁት። እውነቴን ነው። ጉንዳን የምስጥ ሥዕል ላከ፣ ፊት ለፊት፣ ሁለት ቀንድ። ከሥሩ፦ ከዚህ አይከብድሽም።

ይከብዳል።

እ.አ. ዘንድ ሄጄ ፊት ለፊት ልሣልዎት አልሁ። በርበሬው ይለቀም አሉ። አብሬ ለቀምሁ፤ ጣቴ አሁንም ይለበልባል። ስለ ትርንጎ መዛወር አልተነሣም።

እዚያው ቀን፣ 5፡30

ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሻቸውን አስተካክለው ወጡ። በርጩማውን ወደ እኔ አዞሩት። ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ ያዩኛል። ግንባር። አፍንጫ፣ ሦስት ጊዜ ላጲስ። ቀኝ ዓይን፣ ደኅና። ግራው ላይ እጄ ቆመ። አቀርቅሬ ጥላ ማጥቆር ጀመርሁ፣ የሻሹን እጥፋት፣ የማያስፈልገውን ሁሉ።

«አንቺ ልጅ! ሳታዪኝ ነው የምትሥዪኝ?»

በዚህ መሐል ጎረቤት ጠራቻቸውና ወደ አጥሩ ሄደዋል። ይህን በሥዕሉ ጀርባ እየጻፍሁ ነው፤ ኋላ አንተ ላይ እገለብጠዋለሁ። ስለ ክፍል አያወሩም። ሊሣሉ እንደ ተቀመጡ ነው የሚነግሯት፣ ጮክ ብለው፣ ሁለቱም ዓይናቸው በሥዕሉ እንደሚወጣ።

አንዱ ብቻ ወጥቷል። ሌላኛው ዛሬ ይወጣል።

እየመጡ ነው። ተቀመጡ። ቀና ልበል፣ ደብተ…