ሰባት ወይስ አርባ

ውድ ሀጀራ፣

ሰላምታውን በኋላ ታገኚዋለሽ። መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ፦ ሰባት ነው። የመምህር ምናለ መልስ ሰባት ነበር።

እሑድ የላክሽውን የድምፅ መልእክት አራት ጊዜ ሰማሁት። ጅዳ ተቀጥረሽ የምታሳድጊያት ልጅ የቤት ሥራዋን ይዛ ስትመጣ ሁለት የተደራረቡ ክቦች አየሽና ስምንተኛ ክፍል ትዝ አለሽ። «ብዙዬ፣ ያች ጥያቄ መልሷ ስንት ነበር? እኔስ ምኑ ላይ ነው የሳትኩት? ይኸው ስምንት ዓመቴ፣ አልደርስበት አልኩ» አልሽ። ቀጥለሽም «ሐምሌ ስገባ ትምህርት ጀምሪ ትይኛለሽ አይደል? ሞኝሽን ፈልጊ! እኔ ደደብ መሆኔን ያን ቀን ነው ያወቅሁት» ብለሽ ሳቅሽ። ሳቅሽ ደስ አላለኝም። በድምፅ ልመልስልሽ ሦስት ጊዜ ቀድቼ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። ስለዚህ በደብተር ወረቀት ጽፌ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ።

ጥያቄው እንዲህ ነበር፦ «በአንድ ክፍል ውስጥ 40 ተማሪዎች አሉ። 26ቱ ገናን፣ 21ዱ አረፋን ያከብራሉ። ከሁለቱ አንዱንም የማያከብር የለም። ሁለቱንም የሚያከብሩት ስንት ናቸው?» መምህር ምናለ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ሰው ነው። መጽሐፉ ላይ ያለው እግር ኳስና መረብ ኳስ ነበር፤ እርሱ ግን ለእኛ እንዲቀርብ ብሎ በዓል አደረገው፤ አርባም የእኛው ክፍል ልጆች ቁጥር ነበር።

ባንቺ አምባር ዙሪያ እርሳስ እያዞርን ክብ የምንሠራው ትዝ ይልሻል? አሁንም አምባርሽን አውልቂና ሞክሪው። አንዱ ክብ ገና፣ ሌላው አረፋ፤ በመሃል ይደራረባሉ። 26 እና 21 ሲደመር 47 ይመጣል። ልጆቹ ግን 40 ናቸው። ሰባቱ ትርፍ ከየት መጡ? ሁለት ጊዜ ተቆጥረው ነዋ! አንዴ በገናው ክብ፣ አንዴ በአረፋው። ስለዚህ መሃል ላይ 7 ትጽፊያለሽ፤ ገና ብቻ 19 ይቀራል፣ አረፋ ብቻ 14። ደምሪው፣ 40 ይሞላል። ይኸው ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም።

አንቺ ግን መሃል ላይ 40 ጻፍሽ። ግራና ቀኙን ባዶ ተውሽው። መምህሩ ደብተርሽን ከፍ አድርጎ አሳየና ሳቀ፤ እርሱ ሲስቅ ክፍሉም ሳቀ። አንቺ ብድግ ብለሽ «ቲቸር፣ ሁላችንም ሁለቱንም እናከብራለን እኮ!» አልሽ። ያኔ አንደኛ የምወጣው እኔ ስለነበርኩ ወደ እኔ ዞረ።

«ብዙአየሁ፣ እውነቷን ነው? እዚህ ክፍል ውስጥ ሁለቱንም የሚያከብር አለ?»

«የለም» አልኩ።

ሀጀራ፣ ይህን ስል አረፋ ካለፈ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር። የናንተ በግ በታረደበት ግቢ፣ አባቴ ለእኛ የተለየውን ዶሮ በስመ አብ ብሎ ባርኳል። እናትሽ እትዬ ዘሀራ የእኛን ወጥ ሌላ ምድጃ ላይ ጥደው፣ ጭልፋው እንዳይቀላቀል አንቺን አቁመው ሲያስጠብቁሽ ነበር። በገናም አባትሽ ቢስሚላህ ብለው ለናንተ የሚያርዱት ጠቦት ከእኛው በግ ጎን ነው የሚታሰረው። ድስቱ ሁለት ነው፣ በዓሉ ግን የሁላችንም ነበር። ይህንን አጥቼው ነው? ያን ቀን የለበስኩት ቀሚስ እንኳ እናትሽ ለአረፋ ያሰፉልኝ ነበር!

ታዲያ ለምን «የለም» አልኩ? ሰባት ስላገኘሁ ነዋ። «አለ» ካልኩ አርባሽ ልክ ሆኖ ሰባቴ የሚፈርስብኝ መሰለኝ። አንደኛነቴ እንዳይነካ ብዬ አንቺን ሸጥኩሽ። መምህሩ «ሀጀራ፣ ቁጥር እንጂ ወሬ አልጠየቅሁም፤ ተቀመጪ» አለሽ። ተቀመጥሽ። አምባርሽን ከዴስኩ ላይ አንስተሽ እጅሽ ላይ አጠለቅሽው፣ ከዚያ ወዲያ ክብ ሠርተሽበት አላየሁም። በጥር ትምህርቱን ትተሽ ለፓስፖርት ደሴ ወረድሽ።

አሁን እኔም ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ሂሳብ አስተምራለሁ። በየዓመቱ የስብስብ ትምህርት ላይ ስደርስ ያ አርባሽ ይከነክነኛል። በሂሳቡስ እንዴት ልክ ይመጣል? እላለሁ። መልእክትሽን ከሰማሁ በኋላ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጽ ገልጬ ቁጭ አልኩ። ስብስብ የሚባለው ማን እንደሚገባበትና ማን እንደማይገባበት በግልጽ ሲታወቅ ነው ይላል። እንዴ! «ማክበር» ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ማን ጠየቀ? የሚጸልይበት ማለት ከሆነ መሃሉ ባዶ ነው። ሥጋውን የሚበላ ማለት ከሆነም ባዶ ነው። ተጋብዞ፣ ለብሶ፣ አብሮ የሚውል ማለት ከሆነ ግን አርባ ነው። እነዚያን ሰባት ልጆች በስም ጥሪያቸው ብትይኝ አንድም አላገኝልሽም። ሰባት ለእኛ ክፍል በየትኛውም መንገድ የማይመጣ ቁጥር ነበር፣ እኔ ደግሞ በእርሱ ተሸለምኩ።

ሰኞ አመድ በፌስታል ይዤ ሄድኩና ሜዳው ላይ በገመድ ሁለት ትልልቅ ክብ ሠራሁ። «ገናን የሚያከብር እዚህ፣ አረፋን የሚያከብር እዚያ፣ ሁለቱንም የሚል መሃል» አልኳቸው። አርባ ሦስት ናቸው። መጀመሪያ ክርስቲያኑ ለብቻ፣ ሙስሊሙ ለብቻ ቆመ። መሃሉ ጭር አለ። ትንሽ ቆይታ ይርገዱ የምትባል ተማሪዬ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ በገና ለእነ ሰዓዳ የሚታረደው እኛ ግቢ ነው። እኔ የት ልቁም?»

«አንቺስ የት ይመስልሻል?»

ሄደችና ሰዓዳን ከወዲያኛው ክብ ጎትታ መሃል ገባች። ከዚያማ ማን ይመልሳቸው! መሃሉን እንደ መጽሐፉ አጥብቤ ስለነበር የሠራሁት አልበቃቸው አለ፤ እየተገፋፉ፣ እየተንጫጩ አመዱን ረጋግጠው አጠፉት። ሁለቱም ጎን ባዶ ቀረ። ልክ እንዳንቺ ደብተር።

ጸጥ ሲሉ ነገርኳቸው። «ይህን መልስ ከስምንት ዓመት በፊት ያገኘች ልጅ አለች፤ ሀጀራ ትባላለች። መምህሩ ሲጠይቀኝ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ፊቴ ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት ይመስል ተቃጠለ።

ይርገዱ አሁንም እጇን አወጣች። «ነግረዋታል ቲቸር?»

«አልነገርኳትም።»

«እና መቼ ሊነግሯት ነው?»

የዘንድሮ ልጅ ጉድ እኮ ነው! ይኸው ነገርኩሽ።

አውፍ በይኝ ሀጀራ፣ ይቅር በይኝ። ደደብ አይደለሽም፤ አልነበርሽምም። ከአርባ ልጅ ውስጥ ጥያቄውን ራሱን የጠየቅሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ፣ እኛ የቀረነው ደመርን፣ ቀነስን። የሰባተኛ ክፍል ካርድሽ እናትሽ ሣጥን ውስጥ አለ፤ ትናንት አሳዩኝ። ትምህርት ቤቱንም ጠይቄ፣ እርሱን ይዛ ብትመጣ ስምንተኛን ትቀጥላለች ብለውኛል። ራስሽ ከፈለግሽ ነው እንጂ፣ እኔን ይቅር ለማለት ብለሽ እንዳትመዘገቢ። ከተመዘገብሽ ግን አንድ ምክር ልስጥሽ፦ ፈተናው ላይ ሰባት ብለሽ ጻፊ፤ ከወጣሽ በኋላ ከመምህሩ ጋር ተከራከሪ።

ሰላምታውን በኋላ ብዬሽ ነበር። እንደምን ከረምሽ እህቴ? አብሽሪ፣ ሐምሌ ሩቅ አይደለም። ዘንድሮም ለናንተ ድስት ለብቻ አለ። ያን ቀን ለመምህር ምናለ ልመልስ የሚገባኝን ደግሞ ላንቺ እመልሳለሁ፦ አለ። ቢያንስ አንድ ሰው አለ፣ እኔ አለሁ።

ከመሃል፣
ብዙአየሁ