በሰባተኛው ቀን የገባው አቤቱታ

ደኒዝሊ፣ ቱርክ
ማክሰኞ፣ በእኛ በኢራን አቆጣጠር አባን 16 ቀን 1402

ውድ አባቴ፣

ፊደሌ ቢንጋደድ አይፍረዱብኝ፤ በጥድፊያ ነው የምጽፈው። አይደንግጡ፣ የደስታ ነው! ዛሬ የሆነውን ለሰው ሁሉ ነግሬ ከጨረስኩ በኋላ ሳልነግረው የቀረሁት አንድ ሰው እርስዎ መሆንዎ ትዝ አለኝና ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ።

በቅድሚያ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እህቴ ሶልማዝ በስልክ እዚያ ማራጌ ላይ ዘንድሮ ብርዱ ቀድሞ እንደገባ ነግራኛለች። ደብዳቤዬን የምታደርስልዎ ወይዘሮ ሽኩፌ የእህቴ ጎረቤት ናት፤ ምንጣፍ ልትሸጥ መጥታ ነገ ትመለሳለች። በፖስታ ያልላክሁት ደብዳቤ ተከፍቶ ስለሚነበብ መሆኑን ለእርስዎ መንገር አያሻኝም። የሱፍ ካልሲም ልኬልዎታለሁ፤ «አልፈልግም» ብለው ለሶልማዝ ባል እንዳይሰጡት አደራ።

እና ዛሬ ፍርድ ቤቱ ፈረደልን! ኢራጅ የሚባለውን ሰው ከአገር ያስወጣ የነበረው ትእዛዝ ተሻረ። ይኸው አሁን ከጎኔ ባለው ክፍል ሻይ እየጠጣ ነው። ትንሿ ልጁ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አልወርድ ብላለች፤ ሚስቱ ሱዳቤ ደግሞ አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ ታለቅሳለች፣ አንዴ «ብላ እንጂ!» እያለች ትቆጣዋለች።

ከመጀመሪያው ልንገርዎ። ሶልማዝ «በአንድ ቢሮ ትሠራለች» ብላ ብቻ እንደነገረችዎ አውቃለሁ። ቢሮው ክርና የልብስ ቁልፍ ከሚሸጥ ሱቅ በላይ ያለ ሦስት ክፍል ነው። ማኅበራችን «ፓናህ» ይባላል፤ እዚህ ላለነው ኢራናውያን ስደተኞች መብት ይከራከራል። ኃላፊያችን አቶ ባህማን በኢስፋሃን ከተማ ሳሉ የጥርስ ሐኪም ነበሩ። አሁን የሰው አፍ የሚያስከፍቱት በጥያቄ ነው፤ ያኔም አሁንም ሰው ያለቅስባቸዋል እያልን እንቀልድባቸዋለን። ጠበቃችን ኔርሚን የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ ስትናገር ነጥብም ሰረዝም የላትም። እኔ ደግሞ ቃል እቀበላለሁ፣ እተረጉማለሁ፣ አቤቱታ እጽፋለሁ። እርስዎ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው ተቀምጠው የገበሬውን ቋንቋ ሰምተው በፋርስኛ ይጽፉለት ነበር። እኔ በፋርስኛ ሰምቼ በቱርክኛ እጽፋለሁ። ልጅ ሆኜ ጓደኞቼ «አባትሽ ያ ባለጃንጥላው ነው?» እንዳይሉኝ በሌላ መንገድ እዞር ነበር። ይህን አያውቁም ብዬ ነው። ወይስ ያውቁ ኖሯል?

እኛ ስደተኞች ከተመደብንበት ከተማ ያለ ፈቃድ አንወጣም። መኖራችን እንዲታወቅ በየሳምንቱ ማክሰኞ ሄደን እንፈርማለን። ሦስት ጊዜ ያልፈረመ ጠፍቷል ይባልና መዝገቡ ይዘጋል፤ ሲገኝም ወደ ማቆያ፣ ከዚያም ወደ ድንበር። ኢራጅ የገጠመው ይኸው ነው። አገር ቤት በስኳር ፋብሪካ አድማ አስተባብሮ የሸሸ ሰው ነው፤ ከተመለሰ ምን እንደሚጠብቀው ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም።

በመስከረም አንድ ረቡዕ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሱዳቤ ደረጃውን እየሮጠች ወጥታ በሩ ላይ ቁጭ አለች።

«ባሌን ሊወስዱብኝ ነው!»

አቶ ባህማን ውሃ ሰጧትና «ወረቀቱን መቼ ነው የሰጡት?» አሏት።

«ባለፈው ረቡዕ። እኔ የሰማሁት ዛሬ ነው። በየፖሊስ ጣቢያው ስፈልገው ሰነበትኩ፤ ዛሬ ጠዋት ገና ስልክ አስደወሉት።»

አቶ ባህማን በጣታቸው ቆጠሩና ፊታቸው ተለወጠ። አቤቱታ የሚቀርበው በሰባት ቀን ውስጥ ነው። አቤቱታው ከገባ ሰውየው እስኪፈረድ ድረስ አይነካም። ካልገባ ግን በማግስቱ አውቶቡስ አለ። «ዛሬ ሰባተኛው ነው» አሉ። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጊዜ አለን።»

«ለምን ሳይፈርም ቀረ?» አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢራጅ በአንድ ትንሽ የፎጣ መሸመኛ ውስጥ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራ ነበር። በነሐሴ ወር ማሽኑ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጨፈለቃቸው። አሠሪው ቅጣት ፈርቶ፣ ሆስፒታል ያስገባው በራሱ የወንድም ልጅ ስም፣ ሙስታፋ ተብሎ ነው። ሃያ ሁለት ቀን ተኛ፣ ሦስት ፊርማ አለፈው። በሆስፒታሉ መዝገብ ግን ኢራጅ የሚባል ሰው የለም። አሠሪው ደግሞ «አላውቀውም» ብሏል።

ሱዳቤ እጄን ያዘችኝ። «ጊቲ እህቴ፣ ይህን ማን ያምነናል? ሃይማኖቱን ቀይሯል ብለሽ ጻፊበት! ሃይማኖት የቀየረን ሰው ወደ ኢራን አይመልሱም፤ የጎረቤቴ ጉዳይ በዚህ ነው ያለቀው አሉ።»

«ቀይሯል?»

«አልቀየረም። እርግጥ ጾሙንም በደንብ አይጾምም...»

«እሱንም አንጽፈውም» አልኳት። ከእንባዋ መሃል ሳቀች።

በማኅበራችን ያልሆነ ነገር አይጻፍም፤ አቶ ባህማን በዚህ ቀልድ አያውቁም። የሰበሰብነውን ቃል በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ባለቤቱ ከፈቀደ፣ ስሙን እየሰረዝን ለስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችና ለጋዜጠኞች እንልካለን። አንዷ ውሸት ከተገኘችብን የመቶዎቹ እውነት አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ የሆነውን ልጽፍ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ፤ ግማሽ ገጽ እንኳ ሳልደርስ መብራት ጠፋ! መንገዱ በሙሉ ጨለመ፤ ሰዓቱ ዘጠኝ ከሩብ።

ኔርሚን «አለቀልን አለቀልን» እያለች ክፍሉን ትዞራለች። እኔ ግን፣ አባቴ፣ እግዜር ያውቃል፣ አንድም ጊዜ አልደነገጥኩም። ነጭ ወረቀት ሳብኩ፣ ኅዳጉን በሁለት ጣት ለካሁ፣ ከላይ የፍርድ ቤቱን ስም፣ ከሥሩ የአመልካቹን፣ ልክ እርስዎ እንደሚያደርጉት በእጄ ጻፍኩት። አራት ገጽ፣ አንድ ስርዝ የለበትም። ኔርሚን በትከሻዬ ላይ እያየች «ይህን የት ነው የተማርሽው?» አለችኝ። «መንገድ ላይ» አልኳት። በታክሲ በረርን፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ዘጠኝ ደቂቃ ሲቀረው የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ማኅተሙን ጠቅ አደረገችው። አቶ ባህማን የመዝገቡን ቁጥር ወዲያው ወደ ማቆያው ደውለው አስመዘገቡ፤ ስልኩን ያነሳው ሰው ቁጥሩንና የራሱን ስም መልሶ እንዲጠራላቸውም አደረጉ። በማግስቱ አውቶቡሱ ያለ ኢራጅ ሄደ።

ይህ ግን ጊዜ መግዣ ብቻ ነበር። ማስረጃ ያስፈልጋል። ኢራጅ በስልክ «ከጎኔ ዱርሱን የሚባሉ ሽማግሌ ተኝተው ነበር። ከትራክተር ወድቀው፣ ወይን ያላቸው። ዳይስ እየወረወርን ታውላ እንጫወት ነበር» አለን። ሌላ ምንም አያውቅም። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ እኔ የመውጫ ፈቃድ ይዤ፣ ከኔርሚን ጋር በሚኒባስ ወደ ወይን አምራቾቹ መንደሮች ወጣን። ከትራክተር የወደቁትን ዱርሱን እያልን በየመንደሩ ጠየቅን፤ በሦስተኛው መንደር በጣት አሳዩን። ሽማግሌው በከዘራ ቆመው ለቃሚዎቹን ይቆጣሉ።

«ኢራጅ የሚባል ሰው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«አላውቅም» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ልመለስ ዞርኩ። ኔርሚን ግን አልተወችም። «አጎቴ፣ ሆስፒታል ከጎንዎ የነበረ ኢራናዊ፣ ቀኝ እጁ የታሰረ...»

«ሙስታፋን ነው የምትይው!» ብለው ከዘራውን ወደ ሰማይ ወረወሩት ማለት ይቻላል። «ያንን አጭበርባሪ! በአንድ እጁ አሥራ አራት ጊዜ አሸነፈኝ! የታለ?»

«ስሙ ሙስታፋ አይደለም።»

«ጠርጥሬ ነበር! ሦስት ጊዜ ካልጮኽኩ አይዞርም ነበር። እኔ ደግሞ ጆሮው አይሰማም ብዬ አዝንለት!»

ስልካቸውን አውጥተው አሳዩን። ጀርመን ላለች የልጅ ልጃቸው በየቀኑ ቪዲዮ ይልኩላት ኖሯል። ያውና ኢራጅ፣ በፋሻ የተጠቀለለ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በግራው ዳይስ ሲወረውር፤ ከኋላው የሆስፒታሉ ስም፣ ከላይ ቀኑ። ካመለጡት ሦስት ማክሰኞዎች የሁለቱ አለ! እኔና ኔርሚን ወይኑ መሃል ተቃቅፈን ዘለልን፤ ለቃሚዎቹ ሠርግ ያለ መስሏቸው አጨበጨቡ።

ጉዳዩን ስናስረዳቸው ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰሙን። ከዚያ «የት ነው የምፈርመው?» አሉ።

«ሰኞ ውል አዋዋይ ፊት። ሰኞ ግን ለቀማው...»

«ወይኑ እግር የለው፣ የት ይሄዳል?»

ሰኞ ዕለት ክራቫት አስረው መጡ፤ ቃላቸውን ሰጡ። ኔርሚን ቃላቸውንና ቪዲዮውን ለፍርድ ቤቱ አስገባች፣ እኔም ትርጉሙን አያያዝኩ። ከዚያ ስድስት ሳምንት ጠበቅን። ዛሬ ጠዋት ኔርሚን ውሳኔውን ይዛ ደረጃው ሥር ቆማ ስትጮህ ከታች ያለው የልብስ ቁልፍ ሻጭ እሳት የተነሳ መስሎት ባልዲ ይዞ ወጣ! ኢራጅ ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ አቶ ዱርሱን ነው። አሁን ደውለንላቸዋል፤ «እሑድ ይምጣና ልበቀለው፣ ታውላውን ዘርግቻለሁ» ብለዋል። የኢራጅ የስደተኝነት ጉዳይ ገና አላለቀም፤ ነገር ግን ዛሬ ማታ ከልጁ ጋር ይተኛል።

አባቴ፣ አሁን ወደማልችለው ነገር ደረስኩ።

ባለፈው ሳምንት ተራው የእኔ ነበር። የአራት መቶ ሰው ቃል ስጽፍ የራሴን አልጻፍኩም ኖሯልና ኔርሚን አስቀምጣ ጠየቀችኝ። ለመምህራን ደመወዝ ሰልፍ ወጥቼ መታሰሬን ነገርኳት። በዋስ መውጣቴን ነገርኳት።

«ዋሱ ማን ነው?»

«አባቴ። የቤቱን ካርታ አስይዞ።»

«ከጠፋሽ ቤቱ እንደሚወሰድ ያውቅ ነበር?»

«አላውቅም» አልኳት።

«ሥራው ምን ነበር?»

«ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት በር ላይ አቤቱታ ጸሐፊ።»

ኔርሚን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። «ታዲያ ከአንቺ በፊት ያውቅ ነበራ» አለች።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አላስብም። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀይመውኛል ብዬ ነበር። ስደውል ክፍሉን ለቀው ሲወጡ እሰማለሁ፤ በሩ ሲዘጋ እሰማለሁ። ሶልማዝ የኋላ ክፍሏን እንደሰጠችዎ ነግራኛለች፤ ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ስለ ቤቱ ምን ብዬ እንደምጽፍልዎ አላውቅም። ለስንቱ ጽፌ፣ ለዚህ አንዱ መግቢያ አጣሁለት።

አገር የለቀቅኩ ጠዋት «ዳቦ ልገዛ ነው» ብዬዎት ስወጣ በሩ ላይ ነበሩ። ለወትሮው የት፣ ከማን ጋር፣ ስንት ሰዓት ትመለሻለሽ ሳይሉ አይለቁኝም። ያን ቀን ምንም አልጠየቁኝም። የኮቴን ቁልፎች እስከ አንገቴ ድረስ አንድ በአንድ ቆለፉልኝና «እዚህ ካጣሽ ራቅ ወዳለው ዳቦ ቤት ሂጂ፣ አትቸኩዪ» አሉኝ። እኔ ሞኟ ስለ ዳቦ መስሎኝ ነበር።

ተሳስቼ ከሆነ ራስዎ ይቆጡኝ፤ ቁጣዎም ናፍቆኛል። ካልተሳሳትኩ ግን በወይዘሮ ሽኩፌ እጅ አንዲት መስመር ይላኩልኝ፤ በጽሑፍዎ፣ በዚያ በሚያምረው። በሚቀጥለው ስደውልም ከክፍሉ አይውጡ። አይናገሩ፣ ግድ የለም። እዚያ ይቀመጡልኝ ብቻ።

ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ዓይንዎን ያቆይልኝ፤ ክረምቱን በሙቀት ያሳልፍዎ። የሶልማዝን ልጆች ግንባራቸውን ይሳሙልኝ። ከወዲያ «ጊቲ፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ!» እያሉ ይጠሩኛል።

እጅዎን የምትስም፣
ልጅዎ ጊቲ