ጎባጣዋ ጋ ወራጅ

ኅዳር 3፣ ጠዋት
ቡናውን አስጥቼ ገባሁ። ደብተሬ፣ ዛሬም ከአማን ወደ ሚዛን ገበያ በታችኛው መንገድ ዞሬ ሄድኩ። ልጄ አብነት ካረፈ ጀምሮ በአደባባዩ ማለፍ አልቻልኩም። የሠራት ሐውልት እዚያ ቆማለች። ቆማለች ማለት ጎንበስ ብላ። ከመሬት ቡና የምትለቅም ሴት፣ ከሲሚንቶና ከፌሮ። ከተማው «ጎባጣዋ» ይላታል። ስሰማው ያመኛል።

ኅዳር 9
ጎረቤቴ እታለም ወሬ ይዛ መጣች። ማዘጋጃ ቤቱ ሊያፈርሳት ነው። ምክንያቱ መቀመጫዋ። ፊቷ ወደ ገበያው ነው፣ መቀመጫዋ ወደ ማ/ቤቱ በር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያፍራሉ አሉ። ሳቄ መጣ። ከዚያ አለቀስኩ። ከእጁ ሥራ ሌላ የቀረኝ የለም።

ኅዳር 14፣ ከሰዓት
ስብሰባ ተጠራሁ፣ እናቱ ስለሆንኩ። አትፍረስ፣ ትዙር ያሉ ተነሡ። ወዴት? መቀመጫዋን ወደ ቤ/ክ ቢሉ ቄሱ ተቆጡ። ወደ ጸሎት ቤቱ ቢሉ ፓስተሩ። ወደ መናኸሪያው ሲባል ሾፌሮቹ ጮኹ፦ «እኛ ደግሞ ምን በደልን!»
ሰብሳቢው ለምን አስጎነበሳት፣ ቀና ያለች ሴት አጥቶ ነው ወይ አለኝ። ተነሣሁ። ቡና ስለቅም ከኋላዬ ጆንያ ላይ አስቀምጠው ነበር አልኩ። ልጅነቱን ሙሉ ያየው ጀርባዬን ነው።
አንድ ሽማግሌ፦ «ታዲያ ማዘጋጃ ቤቱ ሲያይ የከረመው የእርስዎን ነዋ!»
አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ካረፈ ወዲህ ሰው ፊት የመጀመሪያዬ ነው። ለሌላ ቀን ተቀጠረ።

ታኅሣሥ 2
ቀጠሮው ደርሶ አለፈ። ወዴት ትዙር በሚለው አልተስማሙም። ሌላ ቀጠሮ።
ዛሬ የማ/ቤቱ መኪና በድምፅ ማጉያ እየለፈፈ በሰፈራችን አለፈ። ስለ ውሃ መስመሩ ለመነጋገር እሑድ ጎባጣዋ ጋ ተሰብሰቡ ይላል። ራሱ ማ/ቤቱ! እታለም ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከእንግዲህ ማን ያፈርሳታል አለች። ስሙ ዛሬ አላመመኝም።

ታኅሣሥ 10
ገበያ፣ በባጃጅ። ሹፌሩ የት ላውርድዎት እማማ አለኝ። ታችኛው መንገድ ልል አፌን ከፈትኩ። ጎባጣዋ ጋ አልኩ። ከራሴ አፍ ወጣ!
«ፊቷ ጋ ነው ጀርባዋ ጋ?»
ጀርባዋ ጋ አልኩት። ወርጄ ከኋላዋ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ገበያው ይቆየኝ።