እማ ያልደገመችው እልልታ

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10

ዛሬ ያቭኔ ከተማ ላይ የመጨረሻ የፒያኖ ኮንሰርቴን ተጫወትኩ። የቀኝ እጄ ትንሿ ጣት አልታዘዝ ካለችኝ ሰነበተች። ሐኪሙ "አሳርፊያት" ይላል፤ አሳርፌ አሳርፌ ይኸው። ማቆሜን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

አዳራሹ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበ። እናቴ ብቻ ከፊት ወንበር ላይ እጇን አጣጥፋ፣ አፏን ገጥማ ተቀምጣ ነበር።

ለምን እንደሆነ ገምቻለሁ። በልጅነቴ ገዴራ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ስወጣ፣ የሙዚቃው የመጀመሪያ ክፍል አልቆ፣ ቀጣዩ ሳይጀመር እጄን ከፒያኖው ሳነሳ፣ እማ እልልታዋን አቀለጠችው። ሰው ሁሉ ዞሮ "ሽሽ!" አላት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ ወዲህ በየሄድኩበት አገር ሲጨበጨብልኝ ኖሯል፤ እሷ ግን ድምጿን አሰምታ አታውቅም።

ወደ ቂርያት ማላኪ ስንመለስ መኪና ውስጥ አላስችል አለኝ።

"እማ፣ ዛሬ እኮ አልቆ ነበር። ምነው እልል ሳትዪ ቀረሽ?"

"መቼ እንደሚያልቅ በምን አውቄ፣ ልጄ? ያኔም ያለቀ መስሎኝ ነው።"

ስንቱን ተማሪ ሳስተምር ኖሬ ይህችን አንድ ነገር ለእሷ አልነገርኳትም። "ከወንበሬ ተነስቼ እጅ ስነሳ ነው የሚያልቀው" አልኳት።

"ቤሰደር፣ ይሁን" አለች፣ ፊቷ በርቶ። ቤቷ በር ላይ ስትወርድ በመኪናው መስኮት ጎንበስ ብላ፣ "ለሚቀጥለው አቀልጠዋለሁ" አለችኝ።

"እሺ፣ እማ" አልኳት።